የብረት ማዕድን በሌለበት ሸለቆ ለምን የብረት ምድጃ ተሠራ?

በምዕራብ ዌልስ፣ ከማኸንሌት ወደ አበሪስትዊዝ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር አንድ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ከጎኑ ትልቅ የውሃ መንኮራኩር አለ። ከበላዩ አይንየን የምትባል ትንሽ ወንዝ ከገደል ትወርዳለች። ቦታው ደቪ ፈርነስ ይባላል። መንደሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሕንፃ ነው። መንገደኛ ሲያየው የድሮ ወፍጮ ቤት ሊመስለው ይችላል። ግን እህል ተፈጭቶበት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1755 ገደማ የተሠራ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንቆቅልሹ ይኸውላችሁ። ይህ ምድጃ ያቀለጠው ማዕድን ከአካባቢው የተቆፈረ አልነበረም። ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከኩምብሪያ፣ በመርከብ ነበር የሚመጣው። መርከቦቹ በደቪ ወንዝ አፍ በኩል ይገባሉ፤ ማዕድኑ ይራገፋል፤ ይቀልጣል። የወጣው ብረትም እዚያ አይቀርም። እንደገና ተጭኖ በመካከለኛው እንግሊዝ ወዳሉት የብረት መቀጥቀጫዎች ይላካል።

እንግዲህ አስቡት። ከባድ ድንጋይ በባሕር ታመጣላችሁ፣ ታቀልጣላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ብረቱን መልሳችሁ ታግዛላችሁ። ሰዎቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ራልፍ ቨርነን እና የብሪጅ ወንድማማቾች፣ ኤድዋርድና ዊሊያም፣ ገንዘባቸውን እዚህ ያፈሰሱት በደንብ አስልተው ነው። ስሌቱ የሚገባን ግን ምድጃው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ስናውቅ ነው።

እሳት ብቻውን ብረት አያወጣም

ብዙዎቻችን ማዕድኑ በኃይለኛ እሳት ሲሞቅ ብረቱ ቀልጦ የሚፈስ ይመስለናል። እንደዚያ ቢሆን ሥራው ቀላል ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። የብረት ማዕድን ማለት ብረት ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ የሚገኝበት ድንጋይ ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ላይ የምናየው ዝገትም በመሠረቱ ያው ነው። ከኩምብሪያ ይመጣ የነበረው ማዕድን ሄማታይት ይባላል። ቀይ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረትም ብዙ ነው። ይህን ድንጋይ እንዲሁ ብታግሉት ቀይ ትኩስ ድንጋይ ይሆንላችኋል እንጂ ኦክስጅኑ ብረቱን አይለቅም። ኦክስጅኑን የሚነጥቅ ሌላ ነገር መምጣት አለበት።

ያ ነጣቂ ካርቦን ነው። ካርቦኑ የሚገኘው ከከሰሉ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምድጃው ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው። ሠራተኞች ከላይ በአፉ በኩል ከሰል፣ ማዕድንና ጥቂት የኖራ ድንጋይ ይጨምራሉ። ከታች በአንድ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ወናፍ ይነፋል። ነፋሱ ከሰሉን ሲያገኘው ከሰሉ ይንቦገቦጋል። እዚያ ቦታ ላይ ሙቀቱ ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከቃጠሎው የሚወጣው ጋዝ በጋለው ከሰል መሃል ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይቀየራል። ቤት ውስጥ ከሰል ሲጨስ ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። እዚህ ግን የሚፈለገው እሱ ነው። ምክንያቱም ኦክስጅን ካገኘ አይምርም፤ ይወስዳል። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ማዕድኑ ወደ ታች ሲወርድ ይገናኛሉ። ጋዙ ኦክስጅኑን ከማዕድኑ ወስዶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፉ ይወጣል። ከታች ብረቱ ይቀራል።

አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች መሄዳቸው ትልቁ ብልሃት ነው። ትኩሱ ጋዝ ሙቀቱን ለሚወርደው ጭነት እያስረከበ ይወጣል። ስለዚህ ማዕድኑ ታች ሲደርስ ሞቆ፣ ኦክስጅኑንም አራግፎ ነው። ምድጃው ረጅም መሆን ያለበት ለዚህ ነው። አጭር ምድጃ ውስጥ ይህን ሁሉ ለመጨረስ ጊዜ አይበቃም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1538 ዲግሪ ላይ ነው። ያን ያህል ሙቀት በመላው ምድጃ ማዳረስ በዚያን ዘመን የማይታሰብ ነበር። ግን ብረቱ በጋለ ከሰል ተከቦ ሲወርድ ራሱ ካርቦን ይመጥጣል። አራት በመቶ ገደማ ካርቦን ሲገባበት የመቅለጫ ነጥቡ ወደ 1150 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ብረቱ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ከምድጃው ሥር ይጠራቀማል። ሠራተኞቹ በሰዓቱ ቀዳዳውን ከፍተው በአሸዋ ላይ በተቀደዱ ቦዮች ውስጥ ያፈሱታል።

ካርቦኑ ዋጋ ያስከፍላል። እንዲህ የወጣው ጥሬ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰባሪ ነው። ድስት ወይም የመድፍ ጥይት ይሆናል። መዶሻ ካሳረፋችሁበት ግን ይሰነጠቃል። ማረሻ፣ ሚስማር፣ የፈረስ ጫማ የሚወጣው ካርቦኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ እሳትና ሌላ መዶሻ ያስፈልጋል። የደቪ ብረት ወደ መካከለኛው እንግሊዝ ይሄድ የነበረው ለዚህ ሁለተኛ ሥራ ነው።

የኖራ ድንጋዩስ? ማዕድኑ ውስጥ ብረት ያልሆነ አፈርና አሸዋ አለ። እሱ ለብቻው በቀላሉ አይቀልጥም፤ ምድጃውን ይደፍናል። ከኖራ ጋር ሲዋሃድ ግን ይቀልጣል። ከብረቱ ስለሚቀልም በላዩ ይንሳፈፋል፤ ለብቻው ይቀዳል። ይህ ዝቃጭ ሲቀዘቅዝ መስታወት የመሰለ ድንጋይ ይሆናል። በድሮ ምድጃዎች አካባቢ መሬት ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ጠጠር ካያችሁ እሱ ነው።

ከሰል ሩቅ አይሄድም

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። ከሰሉ ሙቀት ይሰጣል፤ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ብረቱ እንዲቀልጥ ካርቦን ያበድራል። አራተኛም ሥራ አለው፤ እሱም ጭነቱን ይሸከማል። ምድጃው ከላይ እስከ ታች በድንጋይና በከሰል ሲሞላ፣ በከሰሎቹ መካከል ክፍተት መኖር አለበት። ጋዙ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከሰሉ ዱቄት ከሆነ ክፍተቱ ይደፈናል። ምድጃው ይታፈናል።

ከሰል ደግሞ የሚፈረፈር ነገር ነው። ከሰል በማዳበሪያ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ከሥሩ የሚቀረውን ደቃቅ ያውቀዋል። በፈረስ ጀርባ ወይም በጋሪ፣ በኮረኮንች መንገድ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከሰሉ በየእርምጃው ይፈጫል። ዝናብ ካገኘው ውሃ ይጠጣል። ቦታ መያዙም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ቶን ማዕድንና አንድ ቶን ከሰል ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የከሰሉ ክምር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማዕድን ግን ምንም አይሆንም። ብትወረውሩት፣ ዝናብ ቢመታው፣ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ቢከማች ያው ድንጋይ ነው። በመርከብ ሲጫን ቦታ አይፈጅም። የባሕር ጉዞ ደግሞ በዚያን ዘመን ከየብስ ጉዞ እጅግ ይረክሳል።

ስለዚህ ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ አንዱን መምረጥ ሲያስፈልግ ማዕድኑ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። ከሰሉ ወደ ማዕድኑ አይሄድም። የደቪ ሸለቆ ዳገቶች ደግሞ በደን የተሸፈኑ ነበሩ። ኩምብሪያና አካባቢዋም የራሳቸው ምድጃዎች ነበሯቸው። ግን አንድ አካባቢ ያለው ደን የሚችለው የተወሰነ ምድጃ ብቻ ነው። ሌላ ምድጃ የፈለገ ሌላ ደን መፈለግ ነበረበት።

ምን ያህል ደን? አንድ ቶን ከሰል ለማግኘት በዚያን ዘመን አሠራር አምስት ቶን ገደማ እንጨት ይፈልጋል። አንድ ቶን ጥሬ ብረት ለማውጣት ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ ከሰል ይነድ ነበር። ይህ በየቀኑ፣ ለወራት የሚቀጥል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም እፈልጋለሁ። «የብረት ምድጃዎች ደኑን ጨረሱት» ይባላል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ምድጃ የገነባ ሰው ትልቅ ገንዘብ አንድ ቦታ ቀብሯል። ደኑ በአምስት ዓመት ካለቀ ገንዘቡም አብሮ አለቀ። ስለዚህ ዛፉን ከሥሩ አይነቅሉም። ግንዱን ከመሬት አጠገብ ቆርጠው ጉቶውን ይተዉታል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ብዙ ቀጭን ግንድ እንደሚያወጣ ሁሉ የዌልስ ኦክ ዛፍም ያቆጠቁጣል። አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይቆረጣል። ደኑን በክፍል በክፍል ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ይቆርጣሉ፤ ሌላው ያድጋል። በደንብ የተያዘ ከሆነ ይህ ለትውልዶች ይዘልቃል። እንዲያውም ደኑ ገቢ ስለሚያመጣ የመሬቱ ባለቤት ለበግ ግጦሽ አይመነጥረውም። ምድጃ ደን አይጎዳም ማለቴ አይደለም። ግን የብረት ሰዎች ከማንም በላይ ደኑ እንዲቀጥል ይፈልጉ ነበር።

ከሰል አክሳዮቹን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይረሳቸዋል። እንጨቱን ቆልለው፣ በሣርና በአፈር ሸፍነው፣ ከውስጥ ይለኩሱታል። እሳቱ እንዲነድ ሳይሆን ታፍኖ እንዲበስል ነው የሚፈለገው። ቁልሉ አንድ ቦታ ከተቀደደ አየር ይገባና ሁሉም አመድ ይሆናል። ስለዚህ ቀንና ሌሊት መጠበቅ አለበት። ሰዎቹ ደኑ ውስጥ ጎጆ ሠርተው እዚያው ያድራሉ። ምድጃው ከእነሱ ውጭ አንድ ቀን አይሠራም ነበር።

ውሃውም አይንቀሳቀስም

ሁለተኛው የማይጓጓዝ ነገር ኃይል ነው። በሰው ክንድ የሚነፋ ወናፍ ለቀጥቃጭ ይበቃል። ለእንዲህ ያለ ግንብ አይበቃም። እዚህ የሚያስፈልገው ሌሊትም ቀንም የማይደክም፣ ግዙፍ ወናፍ ነው። ደቪ ላይ ሁለት ትላልቅ ወናፎች ነበሩ። የአይንየን ውሃ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ወናፎቹን ያንቀሳቅሳል። ፏፏቴው አጠገብ መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም። ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ነው ጉልበት የሚሰጠው።

ይህ የሥራውን የዓመት ዑደት ጭምር ወሰነው። በበጋ ወንዞች ይቀንሳሉ። ወናፉ ይደክማል። ስለዚህ የከሰል ምድጃዎች በአብዛኛው ከመኸር ጀምረው ክረምቱን አልፈው እስከ ጸደይ ይሠራሉ። (እዚህ በጋና ክረምት የምለው የአውሮፓውን ነው፤ በጋቸው በሰኔና ሐምሌ ነው።) ውሃው ሲቀንስ እሳቱን ያጠፋሉ፤ በሙቀት የተበላውን የውስጥ ግድግዳ ያድሳሉ፤ ለሚቀጥለው ዙር ከሰልና ማዕድን ያከማቻሉ።

አንዴ ከተለኮሰ በኋላ ግን ማቆም የለም። እሑድ የለም፣ ሌሊት የለም። እሳቱ መሃል ላይ ከቀዘቀዘ ብረቱና ዝቃጩ ምድጃው ውስጥ ረግተው አንድ ግዙፍ ድንጋይ ይሆናሉ። ያንን ለማውጣት ግንቡን ማፍረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በፈረቃ ይሠራሉ። አንዱ ከላይ ቅርጫት ይገለብጣል። ሌላው ከታች የነበልባሉን ቀለም እያየ ምን እንደጎደለ ይገምታል። የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም። ማዕድኑ በዛ፣ ከሰሉ አነሰ የሚለውን የሚያውቁት በዓይናቸው ነበር። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ለእኔ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የጠፋው ይህ ነው።

ፍርስራሹን ማንበብ

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ቦታው ላይ ብትቆሙ ግንቡ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ወደ ዳገቱ ተመልከቱ። የድሮ ምድጃዎች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዳገት ጥግ ይሠራሉ። ምክንያቱም የሚሞሉት ከላይ ነው። ደቪ ላይም የከሰሉ ማከማቻ የተሠራው ከፍ ባለው ቦታ ነው። ሠራተኛው ከሰሉን መሰላል እየወጣ አይሸከምም። ከማከማቻው በደልዳላ መሬት ሄዶ ምድጃው አፍ ላይ ይደርሳል።

ቀጥሎ ከታች ያሉትን ቅስት መግቢያዎች ፈልጉ። አንዱ የወናፉ ነው፤ ነፋሱ የሚገባበት። ሌላው ብረቱ የሚቀዳበት ነው። ሁለቱን ከለያችሁ መሃል ላይ ያለው ባዶ ቦታ የምድጃው ሆድ መሆኑ ይታያችኋል።

መንኮራኩሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ዛሬ ያለው ግን የምድጃው ዘመን አይደለም። ብረት ማቅለጡ ከቆመ በኋላ ሕንፃው የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ነበር፤ መንኮራኩሩ የዚያ ጊዜ ነው። ከምድጃው በፊትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ቦታ ብር ይቀለጥ ነበር። ያም ቢሆን ውሃውን ፈልጎ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ የተደረገው ቁፋሮ እነዚህን የተነባበሩ ዘመናት ለመለየት ረድቷል። ቦታውን ዛሬ የሚጠብቀው ካዱ የሚባለው የዌልስ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ነው። በብሪታንያ የምትኖሩ አንባቢዎች በዚያ ካለፋችሁ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁም ይታያችኋል።

በ1770ዎቹ ምድጃው ከብሪጆች እጅ ወጥቶ የብረት ነጋዴዎች ወደነበሩት ወደ ኬንዳል ቤተሰብ ተላለፈ። በ1810 አካባቢ ተዘግቶ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ያህል ብቻ ነው የሠራው። ደኑ ስላለቀ አልነበረም የተዘጋው። ሌላ ቦታ ጥያቄው ራሱ ስለተቀየረ ነው።

የድንጋይ ከሰል ሲገባ

የድንጋይ ከሰል በብሪታንያ ሞልቶ ነበር። ለምን ቀደም ብለው አልተጠቀሙበትም? ድኝ ስላለበት ነው። ድኙ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ብረቱም ሲግል በመዶሻ ሥር ይፈረካከሳል። በ1709 አብርሃም ዳርቢ የሚባል ሰው በእንግሊዝ ኮልብሩክዴል መንደር የድንጋይ ከሰሉን አስቀድሞ ታፍኖ እንዲበስል አድርጎ ተጠቀመበት። እንጨት ከሰል እንደሚሆነው ሁሉ የድንጋይ ከሰሉም ኮክ የሚባል ጠንካራ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ነገር ሆነ። አብዛኛው ቆሻሻ በዚያው ተቃጥሎ ይወጣል። ኮክ ሌላም ጥቅም አለው፤ በጭነት አይፈጭም። ስለዚህ ምድጃው ከፍ ሊል ይችላል። ብቻ ጠንከር ያለ ነፋስ ይፈልጋል። የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ያም ተገኘ። በ1784 ደግሞ ሄንሪ ኮርት ጥሬውን ብረት በድንጋይ ከሰል እሳት ወደሚቀጠቀጥ ብረት የሚቀይርበትን መንገድ በስሙ አስመዘገበ። ደንም፣ ወንዝም ግድ መሆናቸው ቀረ።

ውጤቱን ለማየት ወደ ደቡብ ዌልስ፣ ወደ ብላይናቨን መሄድ ነው። እዚያ በ1789 ቶማስ ሂል፣ ቶማስ ሆፕኪንስና ቤንጃሚን ፕራት ሦስት ምድጃዎችን ጎን ለጎን ሠርተው ሥራ ጀመሩ። ነፋሱን ከመጀመሪያው የሚነፋው የእንፋሎት ሞተር ነበር። የድንጋይ ከሰሉ፣ የብረት ማዕድኑ፣ የኖራ ድንጋዩ ሁሉ ከዚያው ተራራ ይወጣል። በደቪና በብላይናቨን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ደቪ ተበታትነው የነበሩ ነገሮች የሚገናኙበት ቦታ ነበር። ብላይናቨን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተቀብሮ ያገኘ ቦታ ነው። በ1812 አምስት ምድጃዎች ነበሩት፤ በዓመት 14,000 ቶን ብረት ማምረት ይችል ነበር።

አሁን አስቸጋሪው ነገር የወጣውን ብረት ከተራራ ላይ ማውረድ ሆነ። የሐዲድ መንገድ ዘረጉ፤ ፈረሶች ጋሪዎችን ወደ ቦይ ያወርዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ወደብ። በ1839 የተሠራው የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከፍርስራሾቹ ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። ሊፍት ነው። ግን ሞተር የለውም። ሁለት መድረኮች በአንድ ሰንሰለት፣ በአንድ መዘውር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከእያንዳንዱ መድረክ ሥር የውሃ ጋን አለ። ላይ ያለውን ጋን በውሃ ሲሞሉት ይከብድና ይወርዳል፤ ሲወርድ የታችኛውን ከነጋሪው ወደ ላይ ይስባል። ታች ሲደርስ ውሃውን ይደፉታል። ተራው የሌላኛው ይሆናል። ቀላል፣ ርካሽ፣ እና በሚገባ የታሰበበት ሥራ ነው።

ሰዎቹስ? ምድጃዎቹ አጠገብ ስታክ ስኩዌር የሚባል የሠራተኞች መኖሪያ አለ፤ ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች በአንድ ግቢ ዙሪያ። ዛሬም ገብቶ ማየት ይቻላል። ከተማዋ ራሷ ከምድጃዎቹ ነው የተወለደችው። በ1804 የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ገንዳው ሳይቀር ከብረት ነው። በዚህ ብረት ውስጥ ግን የልጆች ጉልበት አለበት። ሴቶችና ትንንሽ ልጆች በማዕድኑና በምድጃው ይሠሩ ነበር። በ1842 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ሴቶችና ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕግ ያስፈለገው ነገሩ የተለመደ ስለነበር ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ግን አሁንም መውረድ ይችል ነበር። ስለ ግንቦቹ ውበት ስናወራ ይህን መዝለል ልክ አይመስለኝም።

ፎስፈረስና ባሕሩ

ተራራው ላይ ያለው ዕድል ለዘለቄታ አልሆነም። በ1856 ሄንሪ ቤሰመር ከጥሬ ብረት በብዛት አረብ ብረት የሚያወጣበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ዘዴው አንድ ድክመት ነበረው፤ ፎስፈረስ ያለበትን ብረት አይወድም። ፎስፈረሱ ውስጡ ይቀራል፤ ብረቱ በቅዝቃዜ ይሰበራል። የደቡብ ዌልስ ማዕድን ለዚህ አልሆነም። ስለዚህ ማዕድን ከስፔን፣ ከቢልባኦ አካባቢ በመርከብ መምጣት ጀመረ።

መፍትሔው የተፈተሸው ደግሞ እዚያው ብላይናቨን ነው። ፐርሲ ጊልክሪስት በፋብሪካው ኬሚስት ነበር። የአክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ለንደን ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ ኬሚስትሪ ያጠና ነበር። ሁለቱ የምድጃውን የውስጥ ግድግዳ ከዶሎማይት ድንጋይ ሠርተው ኖራ ጨመሩበት። ኖራው ፎስፈረሱን ይዞ ወደ ዝቃጩ ወሰደው። በ1878 ውጤቱን አሳወቁ። ዝቃጩም ፎስፈረስ ስላለበት ማዳበሪያ ሆኖ ተሸጠ። ከዘዴው በብዛት የተጠቀሙት ግን ዌልሶች አልነበሩም። ጀርመንና ፈረንሳይ ፎስፈረስ የበዛበት ሰፊ ማዕድን ነበራቸው፤ ድንገት ዋጋ አገኘ።

ማዕድኑ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ተራራ ላይ መቆየት ምን ይጠቅማል? በመርተር ተድቪል አካባቢ የነበረው ታላቁ የዳውላይስ ኩባንያ በ1891 ባሕር ዳር ካርዲፍ ላይ አዲስ ምድጃ ከፈተ። የብላይናቨን የድሮ ምድጃዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆሙ። ቦታው በ2000 ከአካባቢው ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዌልስ ብረት ሥራ በመጨረሻ የተሰበሰበው ፖርት ታልበት ላይ ነው፤ ግዙፍ መርከቦች የሚቆሙበት ወደብ ያለው ከተማ።

እዚያ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ምድጃዎች በ2024 ተዘጉ፤ አንዱ በሐምሌ፣ ሁለተኛው በመስከረም 30፣ በፈረንጆቹ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ማዕድን ከሰል ወይም ኮክ ጨምሮ የሚያቀልጥ ምድጃ ዛሬ ዌልስ ውስጥ አይሠራም። በምትኩ በኤሌክትሪክ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ እየተሠራ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ኦክስጅኑ ቀድሞ የተነጠቀ ስለሆነ ካርቦን ነጣቂ አያስፈልገውም፤ ሙቀት ይበቃዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭሱ በብዙ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ብሪታንያ ከምትሰበስበው ቁርጥራጭ አብዛኛውን ወደ ውጭ ስትልክ የኖረች አገር ስለሆነች ጥሬ ዕቃው ቤቷ ውስጥ አለ። የሚያሳስባት የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው፤ ለፋብሪካዎች የምታስከፍለው ከብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ይወደዳል። ቀጣዩ ምድጃ የት ይተከላል የሚለውንም በብዛት የሚወስነው ይኸው ዋጋ ይሆናል።